ጢስ ዓባይ በየትኛው ወር፣ በየትኛው በር?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር የጢስ ዓባይ ፎቶ በጋዜጦች ላይ ይወጣል። ፎቶው ያማረ ነው። ከሥሩ የሚጻፈው ግን «ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል» ይልና ያበቃል። ይህን አንብቦ የተነሳ ሰው መጋቢት ላይ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል፤ ከጥቁሩ ገደል ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን የውሃ ክር ያያል፤ «ፏፏቴው ሞቷል» ብሎ አውርቶ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ ነሐሴ ላይ በነጠላ ጫማ ይመጣና ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ዋልካው ጫማውን ነጥቆ ያስቀርበታል። ፏፏቴው አልሞተም፤ መንገዱም ክፉ አይደለም። ያጣነው የትኛው ወር ደህና እንደሆነ፣ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ የሚነግር ጽሑፍ ነው። ረዘም ቢልባችሁም ይህን አውጡልኝ።

ከውሃው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጣና ግን 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ ስለሆነ የገባለትን ውሃ ወዲያው አይለቅም፤ እንደ ትልቅ ጋን ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ቀስ ብሎ ይጎድላል። ጢም የሚለው ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ መስከረም አጋማሽ ግድም ነው። ስለዚህ ሰማዩ ከጠራ በኋላም ዓባይ ለሳምንታት እንደ ሞላ ይቆያል። ለእግረኛ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው፤ ውሃው ሙሉ ሆኖ ጭቃው የደረቀበት ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ነው። በዚያ ወቅት ፏፏቴው ከዳር እስከ ዳር እስከ 400 ሜትር ሊሰፋ ይችላል፤ ቁመቱም 40 ሜትር ግድም ነው። ጢሱ ከሩቅ ይታያል፤ ድምፁ ደግሞ ጢሱን ቀድሞ ይደርሳል።

ነሐሴም ውሃው አያንስም። ነገር ግን አንዳሳ ወንዝ በባሕር ዳርና በፏፏቴው መካከል ዓባይን ይቀላቀላል፤ እንደ ጣና የሚያጠራውና የሚያዘገየው ሐይቅ ስለሌለው በላይ በኩል የዘነበው ሁሉ አፈሩን እንደያዘ ባንድ ጊዜ ይደርሳል። ጠዋት ያዩት ወንዝ ከሰዓት ሌላ ወንዝ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚባለው ተረት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰሞን ግንድ እየተንከባለለ ሲወርድ ይታያል፤ ከፏፏቴው በላይ የሚያሻግሩት ጀልባዎችም ሥራ የሚያቆሙት ያኔ ነው። ነሐሴ ላይ መምጣት የፈለገ ይምጣ፤ ግን በገባበት እንደሚመለስ አውቆ ይምጣ።

ከኅዳር በኋላ ያለው ውሃ የሰማይ ብቻ ሳይሆን የሰውም ጉዳይ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ እ.ኤ.አ. በ1996 በር ያለው ግድብ ተሠርቷል። ከፏፏቴው በላይ ደግሞ ውሃውን በቦይ የሚጠልፉ ሁለት የኃይል ማመንጫዎች አሉ፤ የመጀመሪያው የ1964፣ ሁለተኛው የ2001 ሥራ ነው፤ ሁለቱም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በሐይቁ ምዕራብ በኩል ውሃ ይወስዳል፤ የእሱ 460 ሜጋ ዋት ከሁለቱ ድምር ብዙ እጥፍ ስለሆነ የጢስ ዓባዮቹ ጫና ቀሏል። ቢሆንም በበጋ የሚወርደው ውሃ ምን ያህል በር እንደተከፈተና ምን ያህል ወደ ቦይ እንደገባ ይወሰናል። ጥር ላይ ደህና ውሃ ያገኘ አለ፤ ታኅሣሥ ላይ አለት ብቻ አይቶ የተመለሰም አለ። በበጋ ለመሄድ ያሰበ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ያሉ አስጎብኚዎችን «ትናንት ማን ሄደ? ውሃው እንዴት ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው መልስ ካልሆነ አይጠቅምም።

አሁን ወደ መንገዱ። ጢስ ዓባይ ከተማ ውስጥ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ሁለት መግቢያ አለ። አንደኛው የምዕራቡ ነው፤ ከትኬት ቢሮው ጥቂት እርምጃ ተመልሶ ወደ ወንዙ ዳር ያወርዳል፤ እዚያ በሞተር ጀልባ ተሻግሮ ሜዳ ለሜዳ እየሄዱ ወደ ፏፏቴው መድረስ ይቻላል። ሁለተኛው የምሥራቁ ነው፤ ከትኬት ቢሮው በዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ተሄዶ ድንጋያማ የእግር መንገድ ላይ ይገባል፤ በአላታ ድልድይ አድርጎ ወደ መመልከቻዎቹ ያወጣል። ሁለቱ መንገዶች ፏፏቴው ሥር ስለሚገናኙ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ይቻላል። ዙሩ ሳይቸኩሉ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

አብዛኛው ሰው በጀልባው በኩል ይገባል፤ ቅርብ ስለሆነ። እኔ ግን ጉልበት ላለው ሰው የምመክረው ተቃራኒውን ነው፤ በምሥራቅ ገብቶ በጀልባ መውጣት። አንደኛ፣ የጉዞው አድካሚ ክፍል ከድልድዩ ወደ መመልከቻው ያለው ዳገት ነው፤ ጥላ የለውም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሲወጡት እንደ ጨዋታ ነው፤ 7 ሰዓት ላይ ግን ያንኑ ዳገት ፀሐይ አናት ላይ ሆና ነው። የጣና አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ያታልላል እንጂ ፀሐዩ አይምርም። ሁለተኛ፣ ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይ ከጀርባ፣ ጢሱ ከፊት ሲሆን ነው፤ ከመመልከቻዎቹ ይህ የሚገጥመው ጠዋት ነው። ሦስተኛ፣ እግር ከዛለ በኋላ ሜዳውና ጀልባው ቢቀሩ ይሻላል፤ ቁልቁለቱ ከቀረ ጉልበት የሚከዳው እዚያ ላይ ነው።

ይህ አካሄድ አንድ አደጋ አለው፤ ሳልናገር ባልፍ ጥፋቱ የኔ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ጀልባው ከሌለ የመጡበትን መንገድ በሙሉ፣ ቁልቁለቱን ዳገት አድርገው ይመለሳሉ። ስለዚህ ትኬት ሲቆርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዛሬ ጀልባ ያሻግራል ወይ?» መሆን አለበት። የለም ከተባሉ ውሃና ጊዜ በእጥፍ ያስቡ። አለ ከተባሉም ዋጋውን ጀልባው ላይ ከመውጣት በፊት ይነጋገሩ፤ ወንዙ መሃል ላይ ክርክር አያምርም።

መንገዱን ቅደም ተከተሉን ጠብቄ ልናገር። ከምሥራቁ መግቢያ የሚወርደው ቁልቁለት ሰውና አህያ የላገው አለት ነው። ደረቅ ሲሆን ምንም አይደል፤ ዝናብ በነካው ማግስት ግን ላዩ ላይ የቀረው ስስ ጭቃ ከወፍራሙ ይብሳል። በዱላ እየተደገፉ፣ ጎን ለጎን እየረገጡ ነው መውረድ። ወርዶ የሚገኘው የአላታ ድልድይ ብዙ ሰው «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚለው ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ግድም፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ሲሆን በዓባይ ላይ የተሠራ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ነው። በበጋ ሲቆሙበት ያ ሁሉ ዓባይ በጠባብ የአለት ስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ ሲያልፍ ቁልቁል ይታያል። ድልድዩ የሙዚየም ዕቃ አይደለም፤ የአካባቢው ሰው ዛሬም ወደ ገበያ ይሻገርበታል። የተጫነ አህያ ሲመጣ ወደ ጠርዙ ሳይሆን ድልድዩ አፍ ላይ ወዳለው ሰፊ ቦታ ተመልሶ ማሳለፍ ነው፤ አህያ ጭነቷ ምን ያህል እንደሚሰፋ አታሰላም።

ከድልድዩ በኋላ ዳገቱ በአንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ ያልፋል። ነጠላ፣ ቅልና ጌጣጌጥ ይዘው የሚከተሉ ልጆች ይበዛሉ። መግዛት የፈለገ ከአንድ ሰው ይግዛ፤ ያልፈለገ መጀመሪያውኑ «አልገዛም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይበል። «ስመለስ» የሚለው መልስ ችግር ያመጣል፤ ዙሩን የሚያደርግ ሰው በዚያ አይመለስማ! ልጆቹ ቃል ተገባልን ብለው ሲጠብቁ ይውላሉ። ለልጆች ገንዘብ ከመበተንም ካሉት አስጎብኚዎች አንዱን በግልጽ ዋጋ ይዞ መሄድ ለሁሉም ይበጃል፤ የትኛው ድንጋይ በየትኛው ወር እንደሚያንሸራትት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

መመልከቻዎቹ ከፏፏቴው ፊት ለፊት ናቸው። ሙሉውን ስፋት የሚያሳየው ይህ ወገን ብቻ ስለሆነ በጀልባ ገብተው በጀልባ የሚመለሱ ሰዎች ይሄን ነው የሚያጡት። ጠርዙ አጥር የለውም፤ ሣሩ ረዝሞ የገደሉን አፍ የሚሸፍንበት መስከረም ላይ ለፎቶ ብሎ ወደ ኋላ መራመድ አይገባም። ከዚያ ጥቂት ተመልሶ ወደ ተንጠልጣዩ ድልድይ ይወረዳል። ድልድዩ ጠባቡን የአላታ ወንዝ ያሻግራል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲረግጠው መወዛወዙ የባሰ ስለሚሆን ተራርቆ፣ እኩል ባልሆነ እርምጃ መሻገር ይሻላል። ከታች በድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩ ጎበዞች በበጋ ይታያሉ፤ ክረምት ላይ ማንም አይሞክረው።

ከዚያ ወዲያ ጢሱ ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚወድቀው በዳገቱ አይደለም፤ እዚህ ሜዳው ላይ ነው። ምክንያቱም ሁልጊዜ የሚረጥብ ጥቁር ድንጋይ ላይ አረንጓዴ ሽፋን ያድጋል፤ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ደረቅ የሚመስለውን ግራጫ ድንጋይ እየመረጡ መርገጥ፣ ሙሉ የውስጥ እግርን ማሳረፍ፣ እጅን ከኪስ ማውጣት። ሸራ ጫማ ሶሉ ልሙጥ ከሆነ ከባዶ እግር አይሻልም፤ ሶሉ ጥርስ ያለው ማንኛውም ጫማ፣ የቀበሌ ኳስ የሚጫወቱበት እንኳ ቢሆን፣ ይበቃል። ስልክና የኪስ ቦርሳ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ይያዝ፤ በመስከረም የፏፏቴው ጢስ ከዝናብ አይለይም። ብርድ የማይበግረው ሰውም ቢሆን አንድ የሚቀይረው ሹራብ ይያዝ፤ በርጥብ ልብስ ጀልባ ላይ የሚመታው ነፋስ ክፉኛ ያበርዳል።

ውሃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ያስፈልጋል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው በዚህ መንገድ ላይ ቃል በቃል ይደርሳል፤ ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሆኖ የሚጠጣ የለም። ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ ይበቃል፤ ከባድ ምሳ ለመመለሻ ይቆይ።

ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለትንንሽ ልጆች ግን ያልኩት ሁሉ ይገለበጣል። በምዕራቡ በር ገብተው፣ በጀልባ ተሻግረው፣ ሜዳውን ሄደው ፏፏቴውን ከጎኑ አይተው በዚያው ይመለሱ። አያትን በድልድዩ ቁልቁለት አውርዶ በሰው ጀርባ ማውጣት ፍቅር አይደለም።

ትራንስፖርቱን በአጭሩ፦ ከባሕር ዳር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የተነሳ ሰው ዙሩን ጨርሶ ከቀትር ሙቀት በፊት ይወጣል። በሕዝብ መኪና የሚሄድ ሰው መመለሻው ከሰዓት በኋላ እየሳሳ ስለሚሄድ ገና ሲወርድ ከሾፌሩ ወይም ከረዳቱ የመጨረሻውን መኪና ሰዓት ይጠይቅ። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት መንገዶች ሲዘጉና ሲከፈቱ ስለቆዩ፣ ከመነሳት በፊት በዚያው ዕለት ጠዋት መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ከመሸ በኋላ በዚያ መንገድ መጓዝ ደግሞ በምንም ጊዜ አይመከርም።

ፏፏቴው የማይመችበት ወር ላይ፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት፣ ለመጣ እንግዳ የጣናን ልሳነ ምድር ዘጌን ነው የምጠቁመው። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ በዘጌ ምድር በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። ደኑ የተረፈው በዚህ ነው፤ ለእግረኛው ደግሞ መንገዱ ጠባብና በሰው እግር ብቻ የተጠረገ የሆነው በዚሁ ነው። ከዋንዛውና ከብርብራው ጥላ ሥር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። በጀልባ ከባሕር ዳር ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ወርደው በቡናው መሃል ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይወጣሉ፤ አዝዋ ማርያም በዚያው መንገድ ላይ ናት። አብዛኛው ጎብኚ እዚህ ይመለሳል። ግማሽ ቀን ያለው ግን መንገዱን ቀጥሎ ደኑን አቋርጦ አፋፍ በምትባለው ከተማ በኩል ወጥቶ በመኪና መመለስ ይችላል፤ ሹካ የሆነ መንገድ ስለሚበዛ ያለ አካባቢው ሰው አይሞከርም። ጥላው ድንጋዩን ዝናብ ካቆመ ከሁለት ቀን በኋላም እንደ ረጠበ ያቆየዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ቡና የሚሰጣበት ጊዜ ስለሆነ በየደጁ የተዘረጋውን መዞር እንጂ መሻገር ነውር ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጫማ ይወልቃል፤ ስለዚህ ወፍራም ካልሲ ይያዝ። ቅዳሴ ሰዓት ላይ የደረሰ ጎብኚ ውጭ መጠበቅ አለበት። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች በመቅደሱ ዙሪያ ስለሆኑ ለማየት ብርሃን ያስፈልጋል፤ የካሜራ ፍላሽ ግን አይፈቀድም። እዚያው ላይ ክብራን ገብርኤልን በጉዞው የሚጨምሩ ጀልባዎች አሉ፤ ሴቶች ወደ ገዳሙ እንደማይገቡ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የሚነግራቸው ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።

የጣና ጠባይ መታወቅ አለበት። ጠዋት እንደ መስተዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ትንሹን ጀልባ ያንገላታዋል። ከ8 ሰዓት በፊት ለመመለስ የሚያስችል ጊዜ ይያዝ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚንሳፈፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ደግሞ አይወጣም። ዳሩ ላይ እግር መንከር የሚያምራቸው ብዙ ናቸው። ቢልሃርዚያ ግን በዳሩ ቀርፋፋና ሣር በበዛበት ውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ በኩል ነው የሚመጣው፤ ቦታው ባማረ ቁጥር አደጋውም ያ ነው። ወባም ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል፤ አመሻሽ ላይ ረጅም እጅጌ መልበስ ነው።

ከከተማው ሳይርቁ ሁለት ሰዓት ብቻ ላላቸው የቤዛዊት ኮረብታ አለች። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የሚረዝም አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ቀኝ መታጠፍ፣ ከዚያ ኮረብታውን መውጣት ነው። ላይ ያለው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነው፤ ግቢውን ፎቶ ከማንሳት በፊት ጠባቂዎቹን መጠየቅ ይገባል። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጠማዘዝ ከዚያ የሚታየውን ያህል ከየትም አይታይም። ጀንበር ስትጠልቅ ያምራል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን በወንዙ ዳር በእግር ለሚመለስ ሰው ያ ሰዓት ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣበት ነው። ጉማሬ ሰውን የሚያጠቃው ከውሃው የሚያቋርጠው ሲመስለው ስለሆነ በእሱና በወንዙ መካከል አይቆምም፤ ደንገሉ ውስጥ የተረጋገጠ ሰፊ ቦይ የመሰለ መንገድ ካዩ ያ የእሱ ነው። ከጨለመ በኋላ በባጃጅ፣ በአስፋልቱ ብቻ።

ለሚመለከታቸው ክፍሎች ያለኝ ጥያቄ ትንሽ ነው፤ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ጢስ ዓባይ ላይ ትኬት የሚቆረጥበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ይሰቀል። በየጠዋቱ በጠመኔ ሦስት ነገር ይጻፍበት፦ ዛሬ ጀልባ አለ ወይስ የለም፣ ተንጠልጣዩ ድልድይ ክፍት ነው ወይስ አይደለም፣ የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት ይነሳል። በምሥራቁ መግቢያ ደግሞ ወደ አላታ ድልድይ የሚያመለክት ቀስት ይቀመጥ፤ አሁን በዋናው መንገድ አልፎት የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። እናንተም የመስከረሙን ፎቶ ስታወጡ ከሥሩ «መስከረም የተነሳ» የሚል ብትጨምሩ፣ መጋቢት ላይ የሚመጣው ሰው ቢያንስ የሚጠብቀውን ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ
ባሕር ዳር